ሥጋ የሌለው ሁሉ የጾም አይደለም፦ ከሌቫንትና ከአይሁድ ማዕድ ምን እንምረጥ?

እናቴ በዐቢይ ጾም መካከል ኢየሩሳሌምን ልትሳለም መጥታ ነበር። በኢየሩሳሌም ካለው ገዳማችን ከዴር ሱልጣን ወርደን ብዙ ከተጓዝን በኋላ ረሃቡም ድካሙም ሲጫናት፣ ሥጋ እንደማያቀርብ የሰማሁትን አንድ ምግብ ቤት አይቼ ይዣት ገባሁ። ያዘዝኩላት በእሳት የተጠበሰ ደበርጃን ነበር። ልጡ ከስሎ፣ ሆዱ ተሰንጥቆ፣ የጭስ ሽታው እያወደ መጣ። ከሥሩ ነጭና ወፍራም ነገር ተነጥፎለታል፤ ከላዩ የሮማን ፍሬ ተበትኖበታል። «ነጩ ምንድነው?» አለችኝ። «ሰሊጥ ነው እማዬ፤ ጣሂኒ ይሉታል» አልኳት፣ እርግጠኛ ሆኜ። የዳቦዋን ጫፍ ነክራ ቀመሰችና ዝም ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እርጎ ነው።»

ላብኔ ነበር፤ በጨርቅ ተጠልሎ ውሃው የወጣለት እርጎ። ዕድሜዋን ሙሉ ወተት ስትንጥ የኖረች ሴት በዚህ አትሳሳትም። ያን ቀን ምሳዋ ወይራና ዳቦ ሆነ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወይም ተሳላሚ ሲመጣ የምንበላበትን ቤት የምመርጠው ጠይቄና አጣርቼ ነው። እዚህ የምጽፈውም የምግቡን ውበት ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ቤት ለየትኛው ሰውና ለየትኛው ቀን እንደሚሆን ነው።

ሌቫንት የሚባለው ሶርያን፣ ሊባኖስን፣ ዮርዳኖስን፣ ፍልስጤምንና እስራኤልን የሚያጠቃልለው የሜዲትራንያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። በዚህ አካባቢ ሥጋ ሳይነኩ ጠግበው የሚወጡባቸው ቤቶች በሦስት ይከፈላሉ፤ የሁሙስ ቤት፣ የአይሁድ የወተት ቤት፣ እንዲሁም ብዙ ትንንሽ ሳህን የሚደረደርበት የሜዜ ቤት። ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ነገር ግን አንዱ የሠራተኛ ቁርስ ነው፣ ሌላው ከኦሪት ሕግ የመጣ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የሌቫንት ክርስቲያኖች የጾም ወጥ ያለበት ነው። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው የምግብ ዝርዝሩን ሳይገልጥ ግማሹን ያውቀዋል።

የሁሙስ ቤት፦ ለጾመኛ የመጀመሪያው በር

ሁሙስ ለኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሽምብራ ነው፤ ሽሯችን የሚፈጨውም፣ የጾም ዓሣችን የሚሠራውም ከዚሁ ነው። ልዩነቱ እነሱ ሽምብራውን አያምሱትም። ሌሊቱን ይዘፈዝፉትና በጣቶች መካከል እስኪፈርስ ድረስ ቀቅለው ከጣሂኒ፣ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይደቁሱታል። ከሙን የሚጨምሩበትም አሉ። በርበሬ የለም፣ ቅቤ የለም። ከላይ የሚፈስበት የወይራ ዘይት ነው።

ጣሂኒው ራሱ ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ ክር አለው። እስራኤል ከኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋና ገዥዎች አንዷ ናት፤ ጥሩ ጣሂኒ እንሠራለን የሚሉ ፋብሪካዎችም የሁመራን ሰሊጥ እንደ ክብር ምልክት ይጠሩታል። ሱቅ ገብቼ በዕብራይስጥ «ሁመራ» የሚል የተጻፈበት የጣሂኒ ዕቃ ሳይ፣ ያን ቆላ የሚያርሱና የሚያጭዱ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

እዚህ ቤት ምርጫው አጭር ነው። ተራው ሁሙስ ልስልስ ነው። ማሳባሓ የሚሉት ሽምብራው ሳይደቅ በጣሂኒ ተለውሶ ለብ ብሎ የሚቀርብ ነው፤ ጥርስ ላይ የሚያዝ ነገር ለሚወድ ይህ ይሻላል። ሦስተኛው በላዩ ፉል ያለበት ነው። አዲስ አበባ ጠዋት ፉል በዳቦ የበላ ሰው ያለ ማመንታት ይህን ይዘዝ፤ የኛው የቁርስ ፉል ታላቅ ወንድሙን ያገኘ ያህል ነው። ፈላፍል ከጎን ይጨመር፤ እዚህ የሚሠራው ከሽምብራ ነው፣ ግብፅ ያለው ዘመዱ ግን ከባቄላ።

አበላሉ ያስደስታል። ሹካ አይጠየቅም። ፒታ የሚሉትን ክብ ስስ ዳቦ ቆርሰው ከሳህኑ ዳር ወደ መካከል ይጠርጉታል። አብሮ የሚመጣው ጥሬ ሽንኩርት ለጌጥ አይደለም፤ አንዱን ቅጠል ገንጥለው እንደ ማንኪያ ሁሙሱን ይዝቁበታል። በእንጀራ ያደገ እጅ በሁለት ጉርሻ ይለምደዋል።

የሚያስጠነቅቅ ነገር አንድ ነው፤ እንቁላል። ብዙ ቤት የተቀቀለ እንቁላል ሳይጠየቅ ሁሙሱ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሲያዙ ቀድመው ይናገሩ። ደግሞም የሁሙስ ቤት የጠዋትና የቀትር ቤት ነው፤ ድስቱ ሲያልቅ ይዘጋል፣ ለእራት አይታሰብም። ዋጋው ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው፣ ሆድ የሚይዘውም እሱ ነው። በአሮጌው ከተማ ውስጥ ሊና እና አቡ ሹክሪ ስማቸው የታወቀ ነው፤ ሊና በክርስቲያኖች ሰፈር ስላለ ከጎልጎታ ወጥቶ ጥቂት በእግር ለሚሄድ ተሳላሚ ይመቻል። ያፋ ለሚወርድ ሰው አቡ ሐሰን አለ፤ ሰልፉን መታገስ ግን ይጠይቃል።

የወተት ቤት፦ ጾም ሲፈታ

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ደረስን።

በኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል ተከልክሏል፤ ትእዛዙ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፣ ሁለቴ በዘጸአት፣ አንዴ በዘዳግም። የአይሁድ ሊቃውንት ከዚህ ተነስተው ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ድስት፣ በአንድ ሳህን እንዳይገናኙ ደነገጉ። ስለዚህ ሕጉን የሚጠብቅ ምግብ ቤት አንዱን መምረጥ አለበት። ሥጋ ያለው «ባሳሪ» ይባላል፣ ወተት ያለው «ሐላቪ»። ሐላቪ ቤት ሥጋና ዶሮ በፍጹም አይገባም፤ ዓሣ ግን ይገባል። እናም ሥጋ ለማይበላ አይሁዳዊ መጠጊያው ይህ ቤት ነው።

ይህ ልማድ ረጅም ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በቪልና፣ የዛሬዋ ቪልኒየስ፣ ፋንያ ሌዋንዶ የምትባል ሴት ሥጋ የሌለው የአይሁድ ምግብ ቤት ነበራት፤ ሠዓሊው ማርክ ሻጋል ከእንግዶቿ አንዱ ነበር። ከጦርነቱ አልተረፈችም። ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱት አይሁድ የወተት ቤቶችን ከፈቱ፤ በሁለተኛው አቬኑ ያለው ቢ ኤንድ ኤች ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሾርባውንና ኻላ የሚባለውን ዳቦ እያቀረበ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህን ዓይነት ቤት ለማየት ኢየሩሳሌም ድረስ መምጣት አይጠበቅባችሁም።

የሚቀርበው ምንድነው? ቦርሽት፣ ማለትም የቀይ ሥር ሾርባ ከኮመጠጠ ክሬም ጋር። ብሊንጽ፣ አይብ የተጠቀለለበት ስስ ቂጣ። ላትከ፣ የተፈገፈገ ድንች በእንቁላል ተይዞ የተጠበሰ። ከሰሜን አፍሪካ አይሁድ የመጣው ሻክሹካ ደግሞ በቲማቲም ስልስ ውስጥ ሳይፈርስ የበሰለ እንቁላል ነው፤ መጥበሻው እንደተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ቁርስ ከሆነ እኔ ሁልጊዜ ሻክሹካን እመርጣለሁ።

እንደምታዩት ሁሉም የፍስክ ነው። ሕጉ ሥጋውን አስወጣና ቦታውን ለወተት፣ ለአይብና ለእንቁላል ሰጠ። በትንሣኤ ሰሞን፣ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ፣ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። በሁዳዴ ግን ጾመኛን እዚህ ይዞ መግባት እኔ እናቴ ላይ የሠራሁትን መድገም ነው።

«ፓርቬ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ሥጋም ወተትም የሌለበት ማለት ስለሆነ የጾም ይመስላል። ነገር ግን እንቁላልና ዓሣ ፓርቬ ናቸው። ኻላ፣ ያ ተሸርቦ የሚጋገረው የሰንበት ዳቦ፣ ፓርቬ ነው፤ እንቁላል ግን አለበት። ቤተ እስራኤል ለሰንበት የሚጋግሩት ድፎ ዳቦ ከዱቄት፣ ከውሃና ከእርሾ ስለሆነ ለጾመኛ የሚስማማው እሱ ነው። ሳምቡሳ የሚመስለው ቡሬካስም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ማዕዘን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አይብ ነው፣ ድንች ያለበት ቢሆን እንኳ ፊቱ በእንቁላል ተቀብቶ ይሆናል።

የሜዜ ቤት፦ በአንድ ትሪ ለለመደ ሰው

ሦስተኛው ዓይነት ዛሬ በቴል አቪቭ፣ በለንደን፣ በበርሊን፣ በኒው ዮርክ እየበዛ ያለው ነው። የሌቫንትን ሜዜ ከኢራቅ፣ ከየመንና ከኩርድ አይሁድ ምግብ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛል። ሳህኑ ትንሽ ነው፣ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ሁሉም ከሁሉም ይበላል። በአንድ ትሪ ዙሪያ ለሚቀመጥ ሰው አዲስ ነገር የለውም።

ዋጋው ከሦስቱ ከፍተኛው ነው፤ ሳህኑ ትንሽ ስለሆነ ሳይታወቅ ሒሳቡ ያድጋል። ለሁለት ሰው አራት ሳህን ይበቃል፣ ካነሰ ይጨመራል። እስራኤል ውስጥ ለአስተናጋጅ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጉርሻ መተው የተለመደ መሆኑንም አስቡ።

ለጾመኛ ወርቅ ያለው እዚህ ነው፤ ግን መምረጥ ያስፈልጋል። የሌቫንት ክርስቲያኖች፣ ኦርቶዶክሶቹም ሆኑ ሌሎቹ፣ በጾማቸው ሥጋና ወተት ስለሚተዉ በወይራ ዘይት የሚሠራ የራሳቸው የወጥ ዓይነት አላቸው። ስሙ ላይ «ቢ ዘይት»፣ ማለትም በዘይት፣ የሚል ከተጨመረበት ያ ነው። ሉቢያ ቢ ዘይት የፎሶልያ ወጥ በቲማቲም ነው፤ ቀዝቀዝ ብሎ ሲበላ ይበልጥ ይጣፍጣል። የወይን ቅጠል በሩዝ ተሞልቶ በዘይት ሲሠራ እንዲሁ። ሙጀደራ ምስርና ሩዝ፣ አንዳንዴም ምስርና ቡልጉር የሚሉት የተከካ ስንዴ፣ አብሮ በስሎ ከላዩ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት የሚከመርበት ነው። ከሦስቱ ቤቶች ሁሉ አንድ ሳህን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ከጥሩ ቁሌት ጋር የሚወዳደር ነው።

ታቡሌ ፐርስሊና ናና በሎሚ ነው፤ ውስጡ ያለውን ቡልጉር ቅንጬ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ሙሐመራ የሶርያዋ ከተማ የሐለብ ነው፤ ቀይ ቃሪያና ዋልነት ከሮማን ጭማቂ ጋር ተደቁሶ። ባባ ጋኑሽ የተጠበሰ ደበርጃን ነው፤ በጣሂኒ የሚለውሱት አሉ፣ በእርጎ የሚለውሱትም አልጠፉም፣ ስለዚህ ጠይቁ።

ከአይሁድ ወገን ሁለት ነገር ልምከር። አንዱ ሳቢኽ ነው። የኢራቅ አይሁድ በሰንበት እሳት ስለማይነድ ዓርብ የጠበሱትን ደበርጃንና ሌሊቱን የተቀቀለ እንቁላል ቅዳሜ ጠዋት ይበሉ ነበር፤ ያ ቁርስ በኋላ ፒታ ውስጥ ገብቶ በቴል አቪቭ አጠገብ ባለችው ራማት ጋን የመንገድ ምግብ ሆነ። እንቁላሉን አስቀርተው ካዘዙት የጾም ይሆናል፣ ጣዕሙም ብዙ አይጎድልም፤ ምክንያቱም ዋናው አምባ የሚሉት የማንጎ ማጣፈጫ ነው፣ እሱም አብሽ አለበት። ሌላው የየመን አይሁድ ዝሑግ ነው፤ አረንጓዴ ቃሪያ፣ የድንብላል ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት አብሮ የተደቆሰ። ዳጣ የሚወድ ሰው ትንሽ ሳህን ዝሑግ ካስመጣ የትኛውም ምግብ አልጫ አይሆንበትም። ኩቤ የሚባለው የተሞላ ድቡልቡል ግን በልማዱ ሥጋ ነው፤ ሥጋ በሌለበት ቤት በእንጉዳይ ይሞሉታል።

ጣሂኒንና ላብኔን እንዴት እንደምለይ ልንገራችሁ፣ ዋጋ ከፍዬበታለሁና። ሳህኑን ትንሽ ዘንበል አድርጉት። ጣሂኒ ቀስ ብሎ ይፈሳል፣ ቀለሙ ወደ ቡናማነት የሚያዘነብል ነጭ ነው፣ ምላስ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይመራል። ላብኔ አይነቃነቅም፤ የማንኪያው ፈለግ እንደታረሰ ይቀራል፣ ነጭነቱ ያበራል፣ ይኮመጥጣል።

ሲጠይቁ በምን ቋንቋ?

ጾም የሚለው ቃል በዕብራይስጥም «ጾም» ነው፣ በዓረብኛም «ሰውም»። ይህ መልካም ቢመስልም ለአይሁዳዊ አስተናጋጅ «ጾም ላይ ነኝ» ብትሉት ግራ ይገባዋል። በእነሱ ዘንድ ጾም ማለት ውሃ እንኳ አለመቅመስ ነው፤ ጿሚ ሰው ምግብ ቤት ምን ያደርጋል? ስለዚህ «ቲቭዖኒ» በሉ፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የሌለበት ማለት ነው። «ጺምሖኒ» ካላችሁ ሥጋ የሌለው ብቻ ነው የሚመጣው፤ ወተትና እንቁላል ይገባበታል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ «ብሊ ሐላቭ፣ ብሊ ቤጺም» ይበቃል፤ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል።

ዓረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ቤት ግን ሌላ ነው። «ሲያሚ» የምትለዋ አንዲት ቃል ትበቃለች። የጾም ምግብ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ምናልባት እየጾመ ነው።

ቀኑን አትርሱ

የኮሸር ቤቶች፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚጠብቁት፣ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ምሽት ዝግ ናቸው። ቅዳሜ የሚደርስ እንግዳ ካላችሁ ወደ ዓረቡ ሰፈር ሂዱ። በአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ኮሸር ቤት ፒታ የለም፣ እርሾ ያለበት ሁሉ ይወጣልና፤ ልማዳቸው ከአውሮፓ የሆነ አይሁድ በዚያ ሳምንት ሽምብራ፣ ምስርና ሩዝም አይበሉም። ይህ ሳምንት አንዳንድ ዓመት ከሰሙነ ሕማማት ጋር ይገናኛል፤ ያኔ ለጾመኛ የሚቀርበው የአሮጌው ከተማ የሁሙስ ቤት ነው። ረመዳን ከሆነ ደግሞ የሙስሊሞቹ ቤቶች ቀን ላይ ብዙዎቹ ስለሚዘጉ የክርስቲያኖቹን ሰፈር መያዝ ይሻላል።

ጣፋጭ ላይ ብዙ አልቆይም። ሐልዋ ሰሊጥና ስኳር ስለሆነ ለጾም ይሆናል። ክናፌ አይብ ነው። ማላቢ በልማዱ ወተት ነው፣ በኮኮናት የሚሠሩትም አሉ። ባቅላዋ ቅቤ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይጠይቁ አይንኩት። ሰሊጥ ወይም ለውዝ የማይስማማው ሰው ካለ በሦስቱም ቤቶች ከማዘዙ በፊት ለአስተናጋጁ በግልጽ ይንገር፤ ጣሂኒ የማይገባበት ሳህን ጥቂት ነው።

እኔ ብሆን

ልጆች ካሉና ጾም ካልሆነ ወደ ወተት ቤት እሄዳለሁ፤ ብሊንጽና ላትከ ልጅ አያስቸግርም። ገንዘብ ቆጥቦ የሚጓዝ ወጣት ከሆነ የሁሙስ ቤት። ፍስክ የሚበላና ጾመኛ አብረው ከመጡ የሜዜ ቤት ብቻ ነው ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጠው፤ ግን የጾመኛው ሳህን ለብቻው ይምጣ፣ ዳቦው ላብኔ ውስጥ ተነክሮ ወደ ሁሙሱ እንዳይመለስ።

እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ በጾመ ነቢያት ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ የክርስቲያኖች ሰፈር ውስጥ ካለች ትንሽ ቤት ወስጄ ሙጀደራና ሉቢያ ቢ ዘይት አዘዝኩላት። «ሲያሚ?» አልኩት ባለቤቱን፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነቀነቀልኝ። እማዬ አማትባ ጀመረች፤ ምስሩን ሳይሆን ሽንኩርቱን ለብቻው አንስታ ቀመሰችው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ በር እያየች፣

«ጠይቅልኝ» አለች፣ «ዘይቱን መጀመሪያ ነው የሚጨምሩት፣ ወይስ ሽንኩርቱ ውሃውን ከጨረሰ በኋላ?»

ጠየቅኩላት። መጀመሪያ ነው አሉ።

«ለዚህ ነው» አለችና የቀረውን ሽንኩርት ወደ እኔ ሳህን ሳታካፍል በላችው።